ጭሱ የት ላይ ነው? ብናኞች በየከፍታቸው አየሩን የሚያሞቁበት መንገድ

ኅዳር 12 ማለዳ አዲስ አበባ ትታጠናለች። በ1911 ዓ.ም. ሕዝብ የፈጀውን የኅዳር በሽታ ተከትሎ የመጣ ልማድ ነው፤ ቆሻሻው በየደጃፉ ተጠርጎ ይቃጠላል፣ ጭሱም ከጣራ በላይ ብዙም ሳይርቅ በየሰፈሩ ተኝቶ ያረፍዳል። በ2018 ዓ.ም. ከዚሁ ዕለት ሁለት ቀን በኋላ፣ ኅዳር 14፣ አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ። አመዱ በአፍዴራ አካባቢ ያሉ መንደሮችንና የግጦሽ መሬትን አለበሰ። ላይኛው ጉም ግን እስከ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጥቶ ቀይ ባሕርን ተሻገረ፤ በየመንና በኦማን ሰማይ አልፎ ፓኪስታንና ሰሜን ሕንድ ደረሰ፣ በሕንድም በረራዎችን አሰረዘ። አንደኛው ብናኝ ከባሕር ዛፍ ጫፍ አያልፍም፤ ሌላው የመንገደኛ አውሮፕላን ከሚበርበት ከፍታ በላይ ወጣ።

ብናኝ አየሩን ያሞቃል ወይስ ያቀዘቅዛል? ጥያቄው ለብዙ ዓመታት እንዲህ በደፈናው ሲቀርብ ኖሯል፤ መልሱም እንደ መላሹ ይለያይ ነበር። ባለፉት አርባ ዓመታት የተጻፈውን ያየ ሰው የሚረዳው ተከራካሪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ በተለያየ ከፍታ ስላለ ብናኝ እየተናገሩ እንደነበር ነው። የብናኙ ብዛትና ጥቁረት ትልቅ ነገር ነው። ሙቀቱ ለማን እንደሚደርስ፣ ደመናው ይጠፋ ወይም ይወፍር እንደሆነ፣ ዝናቡ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው ግን በአብዛኛው ብናኙ የተቀመጠበት ደርብ ነው። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ብርሃኑ የሚቀርበት ደርብ

ብናኝ የፀሐይን ብርሃን ወይ ይበትነዋል ወይ ይመጥጠዋል። ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ ድኝ የሚፈጠረው ሰልፌት እንዲሁም የባሕር ጨው በዋነኛነት ይበትናሉ፤ ከብርሃኑ ከፊሉን ወደ ጠፈር ስለሚመልሱ ከበታቻቸው ያለውን ምድር ያቀዘቅዛሉ። ከናፍጣ ሞተር፣ ከማገዶና ከሰደድ እሳት የሚወጣው ጥላሸት በተቃራኒው ይመጥጣል። አቧራና የሣር ቃጠሎ ጭስ በመካከል ያሉ ናቸው።

ግራ የሚያጋባው መምጠጡ ነው። ጥላሸት የመጠጠው ብርሃን አየር ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ ያው ብርሃን ግን ለመሬቱ ይጎድልበታል። ስለዚህ አንድ ጭስ በአንድ ጊዜ አየሩን አሙቆ መሬቱን ሊያቀዘቅዝ ይችላል። ይህ በትልቅ ስፋት የታየው እ.ኤ.አ. በ1999 መጀመሪያ፣ ቪ. ራማናታንና ፖል ክሩትዘን በመሩት የሕንድ ውቅያኖስ ጥናት ነው። ከደቡብ እስያ የሚወጣው ቡናማ ጉም በክረምታቸው ወራት ሰሜናዊውን የሕንድ ውቅያኖስ ሸፍኖ ተገኘ። ባሕሩ ወለል ላይ የጎደለው ብርሃን ወደ ጠፈር ከተመለሰው በሦስት እጥፍ ገደማ ይበልጥ ነበር። ልዩነቱ መሐል ላይ፣ ጉሙ ባለበት አየር ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው።

ከፍታው እዚህ ላይ ይገባል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በአማካይ 10 ዋት የፀሐይ ኃይል 1 ኪሎ ሜትር ውፍረት ባለው የአየር ደርብ ውስጥ ተመጥጦ ቀረ እንበል። ደርቡ ከባሕር ወለል አጠገብ ከሆነ፣ ሙቀቱን የሚወስድበት ሌላ ነገር ከሌለ፣ አየሩ በቀን 0.7 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይሞቃል። ያው ኃይል ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ባለው ደርብ ውስጥ ቢቀር 1.2፣ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ባለው ደርብ ውስጥ ቢቀር ደግሞ 2.2 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ የሚሞቀው ነገር ራሱ እያነሰ ይሄዳል።

ከዚህ ተነሥቶ ከፍ ያለ ጥላሸት ለእኛ ለምድር ነዋሪዎች የከፋ ነው ብሎ መደምደም ይቀላል፤ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ጆርጅ ባን-ዋይስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት የሞዴል ጥናት ያንኑ መጠን ጥላሸት በተለያየ ከፍታ እያስቀመጡ ምድሪቱ ምን እንደምትሆን ተመለከቱ። ከመሬት አጠገብ ያለው ጥላሸት ምድርን በእጅጉ አሞቀ። ከፍ እያለ ሲሄድ የሙቀቱ ድርሻ ቀነሰ፤ ደመናና ዝናብ በሚፈጠርበት የታችኛው አየር (በትሮፖስፌር) የላይ ክፍልና ከእሱ በላይ ባለው ስትራቶስፌር ሲሆን ጭራሽ ወለሉን አቀዘቀዘ። ምክንያቱ ሙቀቱ ከተፈጠረበት ቦታ ወደ ታች የሚያወርደው መንገድ አለማግኘቱ ነው። ከታች ያለው በየቀኑ በሚናጠው አየር ከመሬቱ ጋር ይቀላቀላል፤ ከላይ ያለው ወደ ጠፈር ጨረር ሆኖ ያመልጣል፣ ለምድር የሚተርፋት ጥላው ብቻ ይሆናል።

የኩዌቱ ትንበያ

ከፍታን መሳት ምን ያህል እንደሚያስት የሚያሳይ ከኩዌት የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1991 መጀመሪያ የኢራቅ ጦር ሲያፈገፍግ ከ600 በላይ የነዳጅ ጉድጓዶችን በእሳት ለኮሰ፤ የመጨረሻው የጠፋው በኅዳር ወር ነበር። ካርል ሳጋን ጭሱ በፀሐይ ሙቀት ራሱን እያነሣ ወደ ላይኛው አየር ሊወጣና የደቡብ እስያን እርሻ ሊያናጋ ይችላል ብሎ አስጠነቀቀ። ሳጋን ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1983 የኑክሌር ክረምትን፣ ማለትም የኑክሌር ጦርነት ጭስ ምድርን ያቀዘቅዛል የሚለውን ጥናት፣ ያወጣ ሰው ስለነበር የተናገረው ቃል ተሰማ።

አልሆነም። የጥናት አውሮፕላኖች ጭሱ ውስጥ ገብተው ሲለኩ በአብዛኛው ከ6 ኪሎ ሜትር በታች ሆኖ አገኙት። የተጠበቀውን ያህል ጥቁር አልነበረም፤ በውሃ ስለሚርስም ደመናና ዝናብ ቶሎ ያጥቡት ነበር። በባሕረ ሰላጤው ላይ ቀኑን አጨለመ፣ ሙቀቱንም በበርካታ ዲግሪ ቀነሰ፤ ከአካባቢው ርቆ ግን የተፈራውን አላደረሰም። ሳጋን ራሱ በኋላ ትንበያው እንዳልያዘ በመጽሐፍ ጽፏል።

ብዙዎች ከዚህ የወሰዱት «ጭስ ራሱን አያነሣም» የሚለውን ነበር። ይህም ስሕተት ሆነ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 በካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የተነሣው ሰደድ እሳት የነጎድጓድ ደመና ፈጥሮ ጭሱን 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ጣለው። ከዚያ በኋላ እሳቱ አልገፋውም፤ ጥላሸቱ ፀሐይ እየመጠጠ፣ በዙሪያው ያለው አየር እየሞቀና እየቀለለ፣ በሁለት ወር ውስጥ 23 ኪሎ ሜትር ደረሰ። ከጭሱ ክብደት ጥላሸቱ 2 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። በ2019 መጨረሻና በ2020 መጀመሪያ የአውስትራሊያ እሳት ደግሞ 1,000 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው የሚሽከረከር የጭስ ክምር ፈጥሮ እስከ 35 ኪሎ ሜትር ወጣ። ሳጋን ስለ አሠራሩ ትክክል ነበር ማለት ነው፤ የሳተው መነሻ ከፍታውን ነው። ከደመናና ከዝናብ በታች የተነሣ ጭስ ራሱን ከማንሣቱ በፊት ይታጠባል፤ ከዝናቡ በላይ አንድ ጊዜ የተጣለ ጭስ ግን ጊዜ አለው።

የእሳተ ገሞራው ነገር ለየት ይላል። የፊሊፒንሱ ፒናቱቦ እ.ኤ.አ. ሰኔ 15 ቀን 1991 ከ15 ሚሊዮን ቶን ያላነሰ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ወደ ስትራቶስፌር ሰደደ። ከዚህ የተፈጠረው የሰልፌት ጉም ምድርን 0.5 ዲግሪ ገደማ አቀዘቀዘ፤ በሐሩር ክልል ያለውን ስትራቶስፌር ግን ከ2 እስከ 3 ዲግሪ አሞቀ፣ ሰልፌት የምድርን የሙቀት ጨረርና የፀሐይን የማይታይ ብርሃን ከፊል ይመጥጣልና። ከአጠገባችን ደግሞ የኤርትራው ናብሮ አለ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2011 ሲፈነዳ አመዱ የአካባቢውን በረራ አዛባ፤ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሂላሪ ክሊንተንም የአዲስ አበባ ጉብኝታቸውን አሳጥረው ሄዱ። ሳይንቲስቶቹን ያከራከረው ግን ጋዙ ስትራቶስፌር ውስጥ እንዴት እንደገባ ነው። አንደኛው ወገን ሞንሱን የተባለው የእስያ ዝናብ አምጪ ወቅታዊ ነፋስ ከታች አንሥቶ አወጣው አለ፤ ሌላው ፍንዳታው ራሱ በቀጥታ ከፍ አድርጎ ጣለው አለ። ለሁለተኛው የቀረበው የሳተላይት ማስረጃ ይበልጥ ያሳምናል። ክርክሩ ከንቱ አልነበረም፤ የመጀመሪያው እውነት ቢሆን ኖሮ ከፍ ብለው የማይፈነዱ እሳተ ገሞራዎች ሁሉ የዓለምን አየር ንብረት የመንካት ዕድል በኖራቸው ነበር።

ደመናው ላይ፣ ደመናው ውስጥ

ወደ ታችኛው ስምንት ኪሎ ሜትር እንመለስ፤ ሰው የሚኖርበትና ዝናብ የሚሠራበት እዚያ ነው። ከፍታው ከሁሉ ይበልጥ ወሳኝ የሚሆነው ብናኝ ከደመና ጋር ሲገናኝ ነው።

ጄምስ ሃንሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 አንድ ነገር አነሡ፦ ብርሃን የሚመጥጥ ብናኝ ደመና ባለበት ደርብ ውስጥ ከሆነ አየሩን በማሞቅ ደመናውን ሊያደርቀው ይችላል። ደመና ሲጠፋ ተጨማሪ ፀሐይ መሬቱን ያገኘዋል፣ ስለዚህ ተጨማሪ ሙቀት ይመጣል። ኢላን ኮረንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ይህን በአማዞን በሳተላይት አዩት። ንጹሕ አየር ባለበት ቦታ 38 በመቶ የነበረው የትናንሽ ደመናዎች ሽፋን ጭሱ በጣም በወፈረበት ቦታ ወደ ዜሮ ወርዶ ነበር። እዚያ ግን ከመሞቁ ጋር ሌላም ምክንያት ነበር፤ በጭሱ የተጋረደው ደን ወደ አየር የሚሰደው እርጥበትና ሙቀትም ቀንሷል።

ጭሱ ከደመናው በላይ ሲሆንስ? ለዚህ ከአፍሪካ አህጉር ደቡባዊ ክፍል በስተምዕራብ ያለው አትላንቲክ የዓለም ትልቁ ቤተ ሙከራ ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በአንጎላ፣ በዛምቢያና በዴሞክራቲክ ኮንጎ ገበሬው ማሳውንና ሣሩን ያቃጥላል። ጭሱ በሞቃታማው ምድር ላይ እስከ 5 እና 6 ኪሎ ሜትር ይወጣና የምሥራቅ ነፋስ ወደ ባሕር ይወስደዋል። ከበታቹ፣ ከናሚቢያና ከአንጎላ ዳርቻ ባሻገር፣ ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሚተኛ ሰፊ ነጭ የደመና ምንጣፍ አለ።

ያው ጭስ እዚህ ሁለት ጠባይ ያሳያል። ከጥቁሩ ባሕር በላይ ሲሆን ባሕሩ ሊመጥጠው የነበረውን ብርሃን ከፊሉን ይመልሳል፤ ያቀዘቅዛል። ከነጩ ደመና በላይ ሲሆን ግን ደመናው ወደ ጠፈር ሊመልሰው የነበረውን ብርሃን ይመጥጣል፤ ያሞቃል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ የሳተላይት ጥናት መለወጫውን ነጥብ ለክቶታል፦ ደመናው ከባሕሩ 40 በመቶ ያህል ሲሸፍን ሚዛኑ ከማቀዝቀዝ ወደ ማሞቅ ይዞራል።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ከደመናው በላይ የሞቀ አየር ደመናውን እንደ ምጣድ አክምባሎ ይከድነዋል፤ ከላይ ያለው ደረቅ አየር ወደ ደመናው ሠርጎ እንዳይገባ ስለሚያግደው ደመናው እርጥበቱን ይዞ ይወፍራል፣ የበለጠ ይነጣል፣ የበለጠ ብርሃን ይመልሳል። ጆንሰን፣ ሻይንና ፎርስተር እ.ኤ.አ. በ2004 በሞዴል ያሳዩት ይህን ነው። ጭሱ ወርዶ ደመናው ውስጥ ከገባ ደግሞ ሃንሰን ያለው ይሆናል፤ ደመናው ይሳሳል። በጥቂት መቶ ሜትር የከፍታ ልዩነት ውጤቱ ከማቀዝቀዝ ወደ ማሞቅ ይገለበጣል።

ይህን ለመፍታት ነበር እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018 ናሳ አውሮፕላኖቹን በመጀመሪያ ከናሚቢያዋ ዎልቪስ ቤይ፣ ቀጥሎም ከሳኦ ቶሜ ያስነሣው። እንግሊዞች በ2017 ከአሴንሽን ደሴት በረሩ፤ አሜሪካኖች በዚያችው ደሴት ከአንድ ዓመት በላይ የምድር መለኪያ ተከሉ። ሁለት ነገር ተገኘ። ጭሱ ከተገመተው የጠቆረ ነበር፤ ከሚያገኘው ብርሃን 15 በመቶ ያህሉን ይመጥጣል። ሁለተኛው ይብሳል፦ ጭሱ ሁልጊዜ ከደመናው በላይ አልነበረም። አሴንሽን ላይ ከባሕሩ ወለል አጠገብ፣ ደመናው በሚመገብበት አየር ውስጥ፣ ደጋግሞ ተገኘ። የዓለም ሞዴሎች ደግሞ ጭሱን ከአፍሪካ ዳርቻ እንደወጣ ከእውነታው ፈጥነው ወደ ታች ያወርዱት እንደነበር ከሳተላይት ጋር ተነጻጽሮ ታይቷል። ከፍታውን የሳተ ሞዴል በዚህ ባሕር ላይ ስለ ሙቀት የሚሰጠው ቁጥር፣ ምልክቱ እንኳ፣ ብዙ ሊታመን አይገባም።

የሂማላያ ክርክር

ራማናታን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2006 በማልዲቭስ ሃኒማዱ ደሴት ያደረገው ነገር በዚህ ዘርፍ ካሉት ሁሉ ያማረ ሙከራ ይመስለኛል። ሦስት ትናንሽ ሰው አልባ አውሮፕላኖች አንዱ ከጉሙ በታች፣ አንዱ ውስጡ፣ አንዱ በላዩ እኩል እየበረሩ በአንድ ጊዜ ብርሃኑን ለኩ። ከላይ ከገባው ከታች የወጣውን ቀንሶ መሐል የቀረውን ማወቅ በቀጥታ ተቻለ። ውጤቱ በቀጣዩ ዓመት ታተመ፦ ከ0.5 እስከ 3 ኪሎ ሜትር ባለው ደርብ ቡናማው ጉም የፀሐይን ማሞቅ በ50 በመቶ ገደማ ጨምሮታል። ከዚህ ተነሥተው በሞዴል ሲያሰሉ ጉሙ በእስያ ታችኛው አየር መሞቅ ላይ ያለው ድርሻ ከሙቀት አማቂ ጋዞች ጋር የሚስተካከል ሆነ። የሂማላያ በረዶ የሚገኝበት ከፍታ ለዚህ የሞቀ ደርብ ቅርብ መሆኑ ነገሩን አሳሳቢ አደረገው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጥያቄ ሞንሱኑ ነው፤ ክርክሩም እዚህ ይከርራል። ዊሊያም ላውና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 ያቀረቡት ሐሳብ እንዲህ ነው፦ በሚያዝያና በግንቦት ከታር በረሃና ከዚያም በስተምዕራብ ካሉ ደረቅ አገሮች የሚነሣው አቧራ ከጋንጅስ ሜዳ ጥላሸት ጋር ተደባልቆ የሂማላያ ደቡባዊ ግርጌ ላይ ይከመራል። ተራራው ከፍ አድርጎ ስለያዘው ሞቃቱ አየር በቲቤት አምባ ዳር ወደ ላይ ይነሣል፣ ከታች ደግሞ እርጥብ አየር ከባሕሩ ይስባል፤ ዝናቡ ቀድሞ ይገባል። ራማናታን በ2005 ያቀረበው ግን ሌላ ነበር፤ ጉሙ ባሕሩን ስለሚጋርድ ትነቱ ይቀንሳል፣ በሰሜንና በደቡብ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ይጠባል፣ ሞንሱኑም ይዳከማል። ኒጋምና ቦላሲና እ.ኤ.አ. በ2010 የላውን ሐሳብ ከምልከታ ጋር አይገጥምም ብለው ተቹት፤ ብናኝ በበዛበት ግንቦት ደመናውም ዝናቡም ሲያንስ አይተዋልና። ቦላሲና በቀጣዩ ዓመት በሳይንስ መጽሔት ባወጣው ጥናት ከ1950ዎቹ ወዲህ በመካከለኛው ሕንድ የታየውን የዝናብ መቀነስ በዋናነት ሰው ከሚለቀው ብናኝ ጋር አያያዘው።

ሁለቱ ሐሳቦች የሚጋጩት በከፊል ብቻ ይመስለኛል። አንዱ የሚያወራው ስለ ወቅቱ መግቢያና ስለ ተራራው ግርጌ፣ ሌላው ስለ ሙሉው ወቅትና ስለ ባሕሩ ነው። ሆኖም የላው ሐሳብ ውበቱ ከማስረጃው የበለጠ ነው፤ የረዥም ዘመኑ የዝናብ መዝገብ የሚያዘነብለው ወደ መዳከሙ ነው። ለእኛም ጉዳዩ የሩቅ አይደለም። ከቲቤትና ከደቡብ እስያ ሙቀት ተነሥቶ በክረምታችን ሰማይ ላይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚነፍሰው ጄት የተባለው ፈጣን የላይኛው ነፋስ ሲበረታ የኢትዮጵያ ክረምትም የመበርታት አዝማሚያ አለው። እዚያ ያለው የሙቀት ደርብ ሲዛባ እዚህ የማይሰማበት ምክንያት የለም።

አቧራ ብቻውን ሲሆን ሌላ ጠባይ ይጨምራል። ከሰሐራ የሚነሣው አቧራ በበጋቸው እስከ 5 እና 6 ኪሎ ሜትር ወጥቶ፣ ከእርጥቡ የባሕር አየር በላይ ተንሳፍፎ፣ አትላንቲክን ይሻገራል፤ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 ካሪቢያንን ያጨለመው ክምር የቅርብ ትዝታ ነው። ትላልቆቹ የአቧራ ቅንጣቶች ከምድር የሚወጣውንም የሙቀት ጨረር ይይዛሉ። ይህ መያዝ ዋጋ የሚኖረው አቧራው ከፍ ብሎ ቀዝቃዛ ሲሆን ነው፤ መሬት ላይ የተኛ አቧራ የምድርን ያህል ሞቃት ስለሆነ ወደ ጠፈር የሚወጣውን ጨረር ብዙም አይለውጥም። በደቡባዊው ቀይ ባሕር ላይ በክረምታችን ወራት የሚከማቸው፣ ከፊሉ በሱዳኑ ቶካር በር በኩል የሚመጣው አቧራ ባሕሩ ከሚያገኘው ብርሃን ጥቂት የማይባል ይወስዳል።

ከጣራው ከፍ ሳይል

ከተሞች ውስጥ ታሪኩ አጭር ቢሆንም ሳንባ የሚነካው እሱ ነው። ቤይጂንግ በ2013 መጀመሪያ በጉም ስትታፈን የቻይና ተመራማሪዎች ጥላሸቱ ራሱ አፈናውን እንደሚያብስ ተገነዘቡ። ዲንግና ባልደረቦቹ በ2016 ያብራሩት ነው፦ ከከተማው አየር የላይኛው ጠርዝ ላይ ያለው ጥላሸት ያንን ጠርዝ ያሞቀዋል፣ መሬቱን ይጋርደዋል፤ ከላይ ሙቅ ከታች ቀዝቃዛ ሲሆን አየሩ መናጡን ያቆማል፣ ጭሱም ሳይበተን ይከማቻል። መሬት አጠገብ ያለው ጥላሸት ግን የታችኛውን አየር አሙቆ መናጡን ያግዛል። አንድ ከተማ ውስጥ እንኳ የመቶ ሜትሮች ልዩነት ውጤቱን ይገለብጠዋል።

አዲስ አበባ 2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ ላይ ተቀምጣ ብርሃኗ ኃይለኛ፣ የበጋ ሌሊቷ ቀዝቃዛ ነው። ሌሊት መሬቱ ፈጥኖ ሲቀዘቅዝ ከላዩ ሞቅ ያለ አየር ይቀራል፤ የከሰሉ፣ የማገዶውና የአሮጌ መኪናው ጭስ ፀሐይ መሬቱን እስክታሞቅ ድረስ ከዚያ በታች ይታጎራል። በበጋው ወራት ደግሞ ከደቡብ ሱዳንና ከምዕራባዊ ቆላዎቻችን የሣር ቃጠሎ ጭስ ይጨመራል።

ስለ ጥላሸት የዓለም ድርሻ አንድ ነገር ሳይባል መታለፍ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የቦንድና የባልደረቦቿ ትልቅ ዳሰሳ የጥላሸትን አጠቃላይ የማሞቅ ኃይል 1.1 ዋት በካሬ ሜትር ገደማ አድርጎ ገመተ። ያኔ ብዙ ድርጅቶች ጥላሸትን መቀነስ ፈጣን የአየር ንብረት መድኃኒት ነው ብለው ተነሡ። በ2021 የወጣው የበይነ መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል (አይፒሲሲ) ስድስተኛ ሪፖርት ግን ቁጥሩን 0.11 አደረሰው፤ የስሕተት ወሰኑም ከዜሮ በታች ይጀምራል። ለመውረዱ አንዱ ምክንያት ከፍታ ነው። ብያርን ሳምሴትና ባልደረቦቹ በ2013 ሞዴሎቹን ሲያነጻጽሩ ከጥላሸት የማሞቅ ኃይል ከ40 በመቶ በላይ የሚመጣው ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ካለው ጥላሸት ሆኖ አገኙት። ከሰሜን ዋልታ እስከ ደቡብ ዋልታ ዳርቻ፣ ከባሕር ወለል እስከ ላይኛው ትሮፖስፌር እየወጡና እየወረዱ የለኩ አውሮፕላኖች ደግሞ በዚያ ከፍታ ሞዴሎቹ ያስቀመጡትን ያህል ጥላሸት አላገኙም፤ ዝናብ ቀድሞ አጥቦታል። ሌላው ምክንያት ደመናውና አየሩ ለሙቀቱ የሚሰጡት ፈጣን ምላሽ ነው።

ስለዚህ ላቀችና ምርጥ የተባሉትን ከሰልና ማገዶ ቆጣቢ ምድጃዎች በዓለም ሙቀት ስም ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ጭስ በሞላው ማድ ቤት ውስጥ የምትጋግረው እናት ሳንባና የደኑ መትረፍ ራሳቸውን የቻሉ ምክንያቶች ናቸው። በአየር ንብረት ስም የተነገረው ግን ከማስረጃው ቀድሞ ሄዷል።

ከፍታን መለካት

እስከ 2006 ድረስ ከሳተላይት የሚገኘው አብዛኛው መረጃ ከላይ እስከ ታች ያለውን ብናኝ በአንድ ድምር የሚሰጥ ነበር፤ በ1999 መጨረሻ በቴራ ሳተላይት ላይ የወጣው ሞዲስ የተባለ መሣሪያ ዋነኛው ነው። ድምሩ ጭሱ ምን ያህል እንደሆነ ይናገራል፣ የት እንደሆነ ግን አይናገርም። ካሊፕሶ የተባለው የአሜሪካና የፈረንሳይ ሳተላይት በሚያዝያ 2006 ሲመጠቅ ይህ ተለወጠ። የሌዘር ብርሃን ወደ ታች እየላከ ከየከፍታው የሚመለሰውን ይቆጥር ነበር፤ ይህ መሣሪያ ላይዳር ይባላል። በታችኛው አየር 30 ሜትር ያህል ውፍረት ያለውን ደርብ ለይቶ ያያል፣ ስፋቱ ግን በጣም ጠባብ መስመር ነው። ሥራውን በነሐሴ 2023 አበቃ። የአውሮፓና የጃፓን የጠፈር ድርጅቶች በግንቦት 2024 ያመጠቁት ኧርዝኬር ቦታውን ተረክቧል፤ የእሱ ላይዳር የብናኙን ዓይነት ለመለየትም ይረዳል።

ሳተላይት ግን በአንድ ቦታ ላይ አልፎ ይሄዳል፤ ማለዳ ጭሱ እንዴት እንደሚታፈንና ረፋድ ላይ እንዴት እንደሚነሣ አያሳይም። ለዚህ ውድ ነገር አያስፈልግም። አውሮፕላን ማረፊያዎች የደመናን ከፍታ የሚለኩበት ሲሎሜትር ትንሽ ላይዳር ነው። የሚልከው ሌዘር ከደመና ብቻ ሳይሆን ከጭስና ከአቧራም ይመለሳል፤ በተለምዶ ግን የደመናው ከፍታ ተወስዶ ሌላው ይጣላል። የአይስላንዱ እሳተ ገሞራ እ.ኤ.አ. በ2010 አውሮፓን ባፈነ ጊዜ እነዚሁ መሣሪያዎች አመዱ በየትኛው ከፍታ እንዳለ አሳይተዋል፤ የአውሮፓ የአየር ትንበያ ተቋማትም ዛሬ መረጃቸውን በአንድ መረብ ይለዋወጣሉ። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት፣ አውሮፕላን ማረፊያዎቻችንና የፊዚክስ ክፍል ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎቻችን እንዲህ ያለ መሣሪያ ባለበት ቦታ ሁሉ የደመናውን ከፍታ ብቻ ሳይሆን ሙሉውን መዝገብ ያስቀምጡ፤ ለተመራማሪዎችም ክፍት ያድርጉት።